ስኪዳም የቀረችው መርዶዬ

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት፣ ሮተርዳም ጣቢያ የአምስተርዳሙን ባቡር ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ደዋዩ በላቸው ነው። በላቸው ድሮ የባንዳችን ድራም መቺ ነበር፤ ዛሬ ሆግቭሊት ውስጥ የአንዲት ትንሽ የጴንጤ ጉባኤ ሽማግሌ ሆኗል፣ ድራሙንም ለጌታ ነው የሚመታው። «ጌታ ይባርክሽ» ሳይል ወሬ ጀምሮ አያውቅም። ያን ጠዋት ግን በረከቱን ዘሎ፣ «ሰኒ፣ ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። ይቺን ጥያቄ የማያውቃት ሐበሻ የለም። «ማን ነው?» አልኩት። «የግርማ እህት፣ እትዬ ዘውዴ። ሌሊት አረፉ። ነገ ማለዳ እቤቱ ሄደን እናረዳዋለን፤ ሰው እየጠራሁ ነው። አንቺ ዛሬ አብረሽው ስለምትውዪ አደራሽን፣ ፊትሽ ላይ እንዳያነብ። ስልኩንም ጠብቂ፤ ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር ብሎ የሚለጥፍ ቀዥቃዣ አይጠፋም።»

አደራውን ለማን እንደሰጠ ተመልከቱልኝ እንግዲህ! በዚህ አገር ካለው ሐበሻ ሁሉ መርጦ ለእኔ። ምላሴ ላይ የመጣውን ብነግረው ሽማግሌነቱን ያስጥለው ነበር፤ ግን የሞት ወሬ ነውና ዋጥኩት። ግርማ የባንዳችን ጊታሪስት፣ የዘፈኖቻችንም ደራሲ ነው። እትዬ ዘውዴ ደግሞ ታላቅ እህቱ ትባል እንጂ እናቱ ናት፤ እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበርና አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ይህ ሽበታም ሰውዬ እስካሁን በየማታው ይደውልላታል፣ ምን እንደበላ ሳይቀር ይነግራታል። እኛን ሁለታችንን ያን ቀን ያገናኘን የበላቸው ልጅ ሄለን ናት። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ የድምፅ ሙያ ተምራ፣ አምስተርዳም ኖርድ ስቱዲዮ ከፍታለች። የድሮ ካሴታችንን አጽድታ እንደገና ልታወጣው ነው፤ በላዩ ላይ አንድ አዲስ ዘፈን እንድንጨምርበት ጠርታን፣ ግርማም ዘፈኑን ጽፎ፣ አንድ ሙሉ ቀን ይዛልን ነበር። በላቸው ዳሌውን ኦፕራሲዮን ተደርጎ ስለነበር ድራሙን ቤቱ አቅራቢያ ቀድሞ ቀርጾላታል።

ባቡሩ መጣና ተሳፈርኩ። ከሮተርዳም ሲነሳ መጀመሪያ የሚቆመው ስኪዳም ነው። እኔ ስኪዳም ላይ መስኮት አላይም። ስንት ዘመን በዚህ መስመር ስመላለስ፣ ስኪዳም ስንደርስ ወይ ቦርሳዬን እበረብራለሁ ወይ ዓይኔን እጨፍናለሁ። የዚያን ቀን ግን ረሳሁና አየሁ። እነዚያ ረዣዥም የንፋስ ወፍጮዎች እንደቆሙ ናቸው። እዚያው ባቡሩ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ የቡናና የሽቶ ሽታ መሀል፣ የድሮው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ስኪዳም የጂን መጥመቂያ ከተማ ነበረችና የተወሰኑ ቀናት መንደሩ በሙሉ የጠላ ጥንስስ ይሸት ነበር። ስቱዲዮአችንም እንዲያ ያለ አሮጌ መጥመቂያ ነው፤ ምድር ቤቱ ውስጥ የእንጨት በርሜሎች ተደርድረዋል፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ገመድና ማይክሮፎን። አምፕሊፋየሩ ሲግል የተቃጠለ አቧራ ሽታው ከጥንስሱ ጋር ይቀላቀላል።

ያኔ ወጣት ነበርን፣ ዩሮ ገና አልመጣም፣ ነገሩም ሁሉ በጊልደር ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት የቢሮ ደረጃ አጸዳለሁ፣ ግርማ ደንሃግ አንድ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባል፣ በላቸው የቲማቲም ግሪንሃውስ ውስጥ ሲያልበው ይውላል። ማታ ማታ ግን ሮከሮች ነን። አትሳቁብኝ! ሮተርዳም መሀል ባለው የማክሰኞ ገበያ አሮጌ የቆዳ ጃኬት ይሸጥ ነበር፤ በአንድ ሳምንት የአውቶቡስ ሒሳብ አንድ ጥቁር ጃኬት ገዝቼ፣ እጅጌው ረዝሞብኝ ሁለቴ አጥፌው፣ ጸጉሬን አፍሮ አቁሜ ስወጣ የሰፈሩ አሮጊቶች መጋረጃ ገልጠው ያዩኛል። ግርማ ጫፉ የሾለ ቦት ነበረው፤ አንድ ቁጥር ስለሚጠበው ዘፈኑ ሲያልቅ ነው ፊቱ የሚፈታው። የባንዳችን ስም ነጎድጓድ ነው። ሐበሻው ለሰርግ እስክስታ የሚያስመታ ባንድ ይፈልጋል፤ እኛ ጊታሩን ስናስጮኸው ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ይዘው ከአዳራሽ ይወጣሉ። «እነዚህ ልጆች ስደት አናታቸው ላይ ወጣ» ይባል ነበር። የወደዱን ፈረንጆች ናቸው፤ በየሰፈሩ ቡርትሃውስ፣ የሰፈር አዳራሽ ማለቴ ነው፣ ቢራቸውን ይዘው ይዘሉልናል። ከእነሱ አንዱ ስሙ ያን ነው። ፀጉሩ እስከ ትከሻው የወረደ፣ ሲናገር የሚቀላ ደች ነው። ቤዝ ጊታሩን የሚመታልን እሱ ነው፣ የስኪዳሙ ስቱዲዮም የእሱ ነበር። ሕንፃውን ሊያፈርሱት ስለሆነ በማግስቱ ቁልፍ ሊያስረክብ ነው፤ ከዚያ በፊት የቀረችውን አንዲት ቀን ለእኛ ሰጠን። ሌላ ቀን የሚባል የለም። ወይ ዛሬ ወይ መቼም።

በትራም ነው የሄድነው። በላቸው የድራሙን ጸናጽል በአልጋ አንሶላ ጠቅልሎ ታቅፎታል፣ ስትሪፐንካርቷን፣ ያቺን የሚታጠፍ የትራም ቲኬት፣ እኔ ነኝ ማኅተም ያስመታሁት። ደስ ብሎኝ መሬት አልረግጥም። አሁን ሳስበው ሁለቱ ወንዶች አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን መቼ አየሁ! ለካ ማታውን እናቴ አርፋ ኖሯል። አገር ቤት ያለው ወንድሜ በወጉ መሠረት ለእኔ ሳይሆን ለግርማ ደውሎ፣ ሰው ሰብስባችሁ ማለዳ አርዷት ብሎታል። ግርማ ያውቃል፣ በላቸው ያውቃል። ስቱዲዮው ውስጥ ስልክ ስላለና አንድ ሰው ቢደውል አንስቶ እንዳያቀብለኝ፣ ለፈረንጁ ለያንም ነግረውታል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከጠዋት እስከ ምሽት ዘፈንኩ። ኧረ እንዴት ያለ መዝፈን! ድምፄ እንደዚያ ቀን ታዝዞኝ አያውቅም። በላቸው ሌላ ጊዜ «ቸኮልሽ፣ ዘገየሽ» እያለ ካልተጨቃጨቀኝ እንቅልፍ አይወስደውም፤ የዚያን ቀን ማር ያለበት ሻይ እያመጣ፣ «ጉሮሮሽን ጠብቂ እታለም» ይለኛል። ግርማ ኖታ ስስት ጊታሩን ወርውሮ የሚወጣ ሰው ነው፤ አንድ ሁለቴ ስስት «ግድ የለም፣ እንደተመቸሽ» አለኝ። ሰዎቹ ታላቅ ዘፋኝ መሆኔ ገባቸው ብዬ ተኩራራሁ። ምሳ ሰዓት ፈረንጁ ያን ወጥቶ ፓታት፣ የተጠበሰ ድንች ማለት ነው፣ በማዮኔዝ ገዝቶ መጣ። ሁለቱ አልበላም አሉ። የሦስታችንንም ፓታት ቁጭ ብዬ ብቻዬን ጨረስኩላቸው። እናቴ አገር ቤት እየተቀበረች፣ እኔ ጣቴን እየላስኩ። ከዚያ ወዲህ ፓታት አልበላም። ልጆቼ የሆድ ነገር ነው ብለው ያስባሉ።

የመጨረሻዋ ዘፈን «እመጣለሁ በሏት» ነበረች። ግርማ ጽፎ፣ ለእናትሽ ይሁን ብሎ የሰጠኝ ዘፈን ናት። «እመጣለሁ በሏት፣ በሯን እንዳትዘጋ፤ መንገዱ ቢረዝም፣ ሌሊቱ እስኪነጋ» ነው የሚለው አዝማቹ። ግርማ የዚያን ቀን «ይቺን እንተዋት፣ ደክሞሻል» አለኝ። «ምን ማለትህ ነው? እኔ ለዚች አይደል እንዴ የመጣሁት!» ብዬ ጮህኩበት። ከበላቸው ጋር ተያዩ። ተነሣ፣ ጊታሩን አጠለቀ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ግድግዳው ዞሮ መታ። እንዲያ ሲመታ ሰምቼው አላውቅም፣ ጊታሩ ያለቅሳል። እኔ የሮክ ኮከብ ለመምሰል ያደረገው መስሎኝ፣ ዘፈኑ አልቆ የመጨረሻው ድምፅ ገና አየር ላይ እያለ፣ «ወንድሜ፣ ግድግዳው ምን በደለህ?» ብዬ ሳቅኩበት። ከልቤ ነው የሳቅኩት። ሳቄ ቴፑ ላይ ቀረ።

ስጨርስ ሁሉም ተነሥተው አቀፉኝ። በላቸው ዓይኑ ቀልቷል፤ ኮቴን አምጥቶ ራሱ አለበሰኝ። ፈረንጁ ያን ግን ይህን ሁሉ በመስታወቱ በኩል እያየ ነው። በቃ ነገሯት ብሎ አሰበ፤ ምኑ ይፈረድበታል? በእነሱ አገር ሰው ሞተ ማለት በቃ ሞተ ነው፤ ወዲያው ይነገራል። ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እጄን በሁለት እጁ ያዘና፣ እዚህ አገር ሐዘንተኛ የሚባለውን አለኝ፤ «ኼኮንዶሌርት፣ ሰናይት። ስለ እናትሽ በጣም አዝኛለሁ።» ከኋላዬ ግርማ «ያን!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። የጥንስሱ ሽታ፣ ጉንጬ ሥር የደረጃው ብርድ፣ ክርኔን ይዞ ይቅርታ ይቅርታ እያለ የሚያለቅስ ፈረንጅ።

ሐበሻ መርዶን ማለዳ የሚነግረው እኮ ለክፋት አይደለም። ስትወድቂ የሚይዝሽ ክንድ እንዲኖር ነው፤ አብራሽ የምትጮህ ሴት፣ ውኃ የሚረጭሽ፣ «እናትሽ ምን የመሰለች ነበረች» የሚልልሽ። እኔ ያንን ተነጠቅኩ። በማግስቱ ማለዳ ሰዎቹ ነጭ ለብሰው መጡ፣ በሩን ከፈትኩላቸው፣ ፊቴ አብጦ ዓይኔ ጠፍቷል። አንዷ እናት «ማን ነገራት?» አሉ። እንባዬ አልቆ ነበር። እነሱም ለማይጮህ ሰው እንዴት እንደሚጮህ ቸገራቸው። እዚያ ሳሎን ውስጥ ተያይተን ተቀመጥን። መርዶዬ ስኪዳም ደረጃ ላይ ቀረች።

ካሴቱ ወጣና ተወደደ። በየሐበሻ ሱቁ፣ በየመኪናው ያን ሳቅ እሰማለሁ። ባንዱ ፈረሰ። ከግርማ ጋር ግን አልተለያየንም፤ በዚህ አገር የት ትሄዳለህ? ልጄን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው፣ ከባሌ ስለያይ ቮኒንግ፣ ይቺን የምኖርባትን ቤት ማለት ነው፣ እስካገኝ ያስጠጋኝ እሱና ነፍሷን ይማራትና ሚስቱ ናቸው። ብቻ አንድም ቀን በደግ ቃል አላናገርኩትም። ሰላም ለማለት እንኳ እሰድበዋለሁ፤ «አንተ ገመድ»፣ «አንተ የጠበበህ ቦት»። እሱም ይስቃል። አንዲት ጥያቄ ግን ሆዴ ውስጥ አለች፣ ጠይቄው አላውቅም። ያን ቀን የደበቀኝ ለወጉ ነው፣ ወይስ ለቴፑ? ማለዳውን ሊጠብቅልኝ ነው፣ ወይስ ሕንፃው ሳይፈርስ ድምፄን ሊወስድ?

ይህን እያመነዠኩ ባቡሩ ደንሃግ ደረሰ። ግርማ ፕላትፎርሙ ላይ ቆሟል። ጊታሩን አዝሏል፣ ቦቱ ቀርቶ ሐኪም ያዘዘለት ሰፊ ጫማ አድርጓል። ገባና «እንደምን አደርሽ፣ አንቺ ባለ ረዥም ምላስ» ብሎ ስድቤን ጠበቀ። እኔ ግን አፌ እምቢ አለ። «ደህና። ቦታ ይዤልሃለሁ፣ መስኮት ጋ ተቀመጥ፤ ጊታርህን አምጣ ልያዝልህ፣» አልኩት። አየት አደረገኝና ተቀመጠ። «ማታ እትዬ ስልክ አላነሣችም፣» አለኝ ላይደን ስንደርስ። «ኔትወርኩ ይሆናል፣» አልኩ። ውሸት እንዴት እንደሚቀል! ያኔም እንዲሁ ቀልሏቸው ነበር ማለት ነው። ደግሞ ይደውልላት ይሆናል ብዬ ስለፈራሁ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለማላውቀው ሰው ልጅ ሰርግ ለፈለፍኩ። አምስተርዳም ወርደን ከጣቢያው ጀርባ በጀልባ ወደ ኖርድ ስንሻገር ንፋሱ አጥንት ይሰብራል። የአንገት ልብሴን አውልቄ አንገቱ ላይ ጠመጠምኩለት። ውኃውን እያየ ቆመ።

ሄለን በሩ ላይ ጠበቀችን። እርስዎ የሚባለው ነገር እዚህ አገር ልጆች አፍ ላይ አልበቀለም፣ ሁላችንም አንተና አንቺ ነን፤ ግን ስታቅፍ አጥንት ታሞቃለች። «ስልካችሁን እዚህ ሣጥን ውስጥ፣ ቀረጻውን ይረብሻል፣» አለች። እግዜር ይስጥሽ አልኩ በሆዴ። በሞት ነገር ደግሞ ለወላጆቿ ወግ እንግዳ ናት፤ አባቷ ምንም አልነገራትም፣ የፈረንጁን የያንን ስሕተት መድገም አልፈለገም መሰለኝ። አምፕሊፋየሩ በርቷል፤ የጋለው አቧራ ሸተተኝ። «መጀመሪያ ይህን ስሙ፣» ብላ የድሮውን ለቀቀችልን። «እመጣለሁ በሏት» ናት። የእኔ ድምፅ፣ ያ ለጋ ድምፅ፣ ጥርት ብሎ ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ሳቁ። «ታንተ ሰኒ፣ ይቺን ሳቅ ስሚያት! ኤኽት ሞይ ናት። እንዳትቆረጥ ብዬ ነው የተውኳት፣» አለች፤ ታንተ አክስት፣ ኤኽት ሞይ በጣም ታምራለች ማለት ነው። ግርማ መሬት መሬቱን አየ። እኔ «ታምራለች የኔ ልጅ» ብዬ ወደ ማይክሮፎኑ ሄድኩ።

አዲሱን ዘፈን ጀመርን። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ደጋግመን። ግርማ ጣቶቹን ቁርጥማት ይዟቸዋል፤ ሶሎው ላይ ይንሸራተታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ድመት ረገጥክ እንዴ?» እለው ነበር። «ጥሩ ነው፣ እንደተመቸህ፣» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ሰማሁት። ይህ የግርማ ቃል ነው፣ የስኪዳሙ። ሄለን ሾርባና ዳቦ በአይብ ይዛ መጣች፤ ግርማ ርቦት ነበርና በደንብ በላ። እኔ ማንኪያውን አንስቼ አፌ ማድረስ አቃተኝ። «አትበዪም?» አለኝ። «በልቼ ነው የመጣሁት፣» አልኩና ሳህኔን ወደ እሱ ገፋሁለት። ሲበላ አላየሁትም፣ አንገቴን አዙሬ ግድግዳ ነው ያየሁት። ሰው ሲበላ ማየት እንዲህ ይከብዳል እንዴ? በላቸውና ግርማ ያን ቀን ፓታቴን ስጨርስ ምን ሆነው ይሆን ብዬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩ። ደግሞ ወዲያው ተናደድኩ። ለእኔ ማን አሰበ?

ልንገረው ወይስ ልተወው? ብነግረው ማለዳውን፣ ሰዎቹን፣ ክንዶቹን እነጥቀዋለሁ፤ እኔ የተነጠቅኩትን። ብደብቀው ያን ቀን የሠሩኝን እሠራዋለሁ፤ እህቱ ተገንዛ ተኝታ እሱ ጊታር ይመታል፣ ቴፑ ላይ ይቀራል፣ ዕድሜውን ሙሉ ይሰማዋል። ወደየትም ብዞር ገደል ነው። ሄለን በመስታወቱ ወዲያ አውራ ጣቷን አንስታ ምልክት ሰጠችን፣ የበላቸው ድራም በጆሮ ማዳመጫው መጣ፣ ግርማ ሁለት ምት መታና አቆመ። ጊታሩን ከአንገቱ አውልቆ እግሩ ላይ አስደገፈው።

«ሰኒ።»

«አቤት።»

«ከጠዋት ጀምሮ አልሰደብሽኝም።»

ልስቅ ሞከርኩ። «አርጅቼ ነዋ።»

«መስኮት ጋ አስቀመጥሽኝ። ጊታሬን ያዝሽልኝ። የአንገት ልብስ፣ ሾርባ።» ጣቱን እያጠፈ ቆጠራቸው። «እኔ እኮ ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። ስኪዳም ላይ ሠርቼዋለሁ። አንቺ ያኔ አልነቃሽም፤ ልጅ ነበርሽ።»

ዝም አልኩ። ዝም ማለትም መናገር ነው፤ ግን ምን ላድርግ? ሆዴ ውስጥ የኖረችው ጥያቄ ሳላስበው ወጣች። «ግርማ፣ ያን ቀን ለምን ደበቅከኝ? ለወጉ ነው ለቴፑ?»

ለወጉ ነው ቢለኝ አላምነውም ነበር። «ለበላቸው ወጉ ነው አልኩት፣» አለ። «ወጉንም ማክበሬ ነበር። ግን ሰኒ፣ ለቴፑ ነው። ድምፅሽ ሳይቀረጽ ያ ቤት ይፈርሳል ብዬ ነው። እመጣለሁ በሏትን እንተዋት ስልሽ ልቤ ቆርጦ አልነበረም፤ እንቢ እንድትዪ እየለመንኩ ነበር።»

ይህን መልስ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ቢመጣ በጥፊ እለዋለሁ ብዬ ነበር። እጄ አልተነሣም። እዚያ የተቀመጠው የጠበበው ቦት ያደረገ ጎረምሳ አይደለም፤ ጣቶቹ የተጣመሙ፣ እህቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው። ወንበሬን ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። «እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣» አልኩት። «እኔ ግን እጠይቅሃለሁ። እዚህ ልንገርህ? ወይስ እስከ ነገ ማለዳ ልያዝልህ?»

አየኝ። ከንፈሩ «እት...» ብሎ ጀመረና ተወው። ጠየቀኝ አልጠየቀኝ አላውቅም፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ አልነቀነቅኩ አላውቅም። «ያዢልኝ፣» አለኝ። «ሰዎቹ ይምጡ። እቤቴ ይንገሩኝ፣ እንደ ሰው።»

«ዘፈኑስ?»

«ዘፈኑ ይቅር።»

ጊታሩን ሣጥኑ ውስጥ አጋደመ፣ ዘጋው። ሄለን በድምፅ ማጉያው «ምን ሆናችሁ? ጥሩ እየመጣ ነበር እኮ! ሌላ ቀን እኮ የለኝም፣» አለች። ሌላ ቀን የለም እየተባለ ግርማ ዘፈን ትቶ ሲነሣ ይህ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ገብታ ፊታችንን ስታይ መጥታ አቀፈችን፣ አልጠየቀችም። የአባቷ ልጅ ናት። የስልኩን ሣጥን ስታመጣ የእሱን አንስቼ ሳላበራ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እያየኝ ነበር፣ እንዳላየ ሆነ።

እንዲሁ ተመለስን፤ ጀልባ፣ ባቡር፣ ደንሃግ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው የግርማ ቤት። ገና ቀኑ ሳይጨልም ግርማ ሳሎኑን መጥረግ ጀመረ። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋ፣ ምንጣፉን አነጠፈ፣ ከጎረቤቱ ከሱሪናማዊው ሽማግሌ ቤት የሚታጠፉ ወንበሮች ተውሶ እያመጣ ደረደረ። ለሚያረዱት ሰዎች ራሱ ወንበር ያዘጋጃል። ልረዳው ስነሣ «ተዪ፣ እኔ ልሥራ፣» አለኝ። ግድግዳው ላይ ካለው የእትዬ ዘውዴ ፎቶ ፊት ሲያልፍ ዓይኑን አያነሣም።

ማለዳ በሩ ሲንኳኳ እኔ ከሶፋው ላይ ተነሣሁ፤ እሱ ግን ለባብሶ ተቀምጦ ነበር። ራሱ ከፈተ። በላቸው በክራንች ተደግፎ ፊት ቆሟል፣ ከኋላው ከሮተርዳም፣ ከደንሃግ፣ ከአምስተርዳም የመጡ፣ ነጭ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች፣ ካፖርት የለበሱ ወንዶች፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም፣ ደረጃው ሞልቷል። ግርማ ድምፁን አስተካክሎ፣ «ምነው በጠዋት? ደህና ናችሁ?» አላቸው። እንደዚያ ሲል በላቸው ወደ እኔ አየ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አስገብተው አስቀመጡትና አንድ ሽማግሌ በእርጋታ፣ እንደ ወጉ፣ የሰው ልጅ ዕድሜ ከየት እስከ የት እንደሆነ ጀምረው፣ እትዬ ዘውዴ ጋ ደረሱ።

ወደቀ። እውነተኛ አወዳደቅ ነው የወደቀው፤ እስከዚያች ቃል ድረስ አላውቅም ብሎ የያዘው ነገር ሁሉ አብሮት ወደቀ። አራት ክንድ ያዘው። ሴቶቹ ጮሁ፣ ውኃ መጣ፣ «እናት ሆና አሳድጋህ!» አሉለት። «እትዬ! የጀርባሽን ላብ ሳልጠግበው!» እያለ ደረቱን መታ። እኔ በር አጠገብ ቆሜ ሳይ፣ ይህ ነው የነሱኝ አልኩ። ግርማ ያን ጊዜ ከሰዎቹ ክንድ ላይ ቀና ብሎ በዓይኑ ፈለገኝ፣ አገኘኝ። በዚያው የልቅሶ ድምፅ፣ አይቷት የማያውቃትን እናቴን፣ «እማማ ጌጤ!» ብሎ ተጣራ። «እማማ ጌጤ፣ እኔ ነኝ በሞትሽ ቀን ልጅሽን አዘፍኜ ያዋልኳት! እማማ ጌጤ!»

ሰዎቹ ማን ናት ብለው ተያዩ። በላቸው ብቻ ክራንቹን ጥሎ ፊቱን ሸፈነ። አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ማን እንደሆነች ሳትጠይቅ «ወየው እማማ ጌጤ!» ብላ ተቀበለችው፣ ሌሎቹም ተቀበሉ፣ የእናቴ ስም ያንን ቤት ሞላው። እኔም ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ መሬት ተቀምጬ፣ መርዶዬን ሰማሁ።